የጦሳ ካርታችሁ ለምን ተበላሸ? ችግርና መፍትሄ

ጦሳንና ሌሎቹን የደሴ ተራሮች የሚያሳይ የእግር ጉዞ ካርታ ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልግም። መንገዱን ሰዎች በጋራ ከሚሠሩት የኢንተርኔት ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ፣ ከፍታውን ከናሳ በነፃ ታወርዳላችሁ፣ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ትከፍታላችሁ። እንዳለ ካተማችሁት ግን ወረቀቱ ይጨናነቃል፤ ለስኬሉ (ካርታው መሬቱን ለሚያሳንስበት መጠን) እንዲመጥን መቅለል፣ ማለትም ዝርዝሩ መቀነስ አለበት። ነገር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ኮንቱሩ ተንቀጠቀጠ፣ ሜዳው በትናንሽ ክቦች ተሞላ

ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። የሚበላሸውም በከፍታ መረጃው ምክንያት ነው። የናሳው ኤስአርቲኤም በየካቲት 1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካ ነው። ነጥቦቹ በ30 ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ጥቅጥቅ ያለ ባህር ዛፍ ካለ ደግሞ የዛፉም ቁመት በከፊል ይጨመርበታል። ብዙ ሰው ኮንቱሩን ካወጣ በኋላ መስመሩን ለማለስለስ ይታገላል። ተዉት፣ መስመሮቹ እርስ በርስ ይቆራረጣሉ። መጀመሪያ የከፍታ መረጃውን ራሱን አለስልሱ፣ ከዚያ ኮንቱር አውጡ። እንደ አዝዋ ገደል ያለው ቦታ ግን አብሮ እንዳይለዝብ፣ ቁልቁለቱን ከዋናው መረጃ፣ ሜዳውን ከለሰለሰው ወስዳችሁ አዋህዱ። ገደልን ለስላሳ ዳገት አስመስሎ የሚያሳይ ካርታ ሰው ይጎዳል።

የአቀበቱ ኩርባዎች ጠፉ ወይም ተጣበቁ

ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሚሊሜትር 50 ሜትር ነው። ስለዚህ 20 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የመንገድ እጥፋቶች ወረቀቱ ላይ በ0.4 ሚሊሜትር ይቀራረቡና አንድ ወፍራም መስመር ይሆናሉ። ነጥቦችን እየጣለ መስመርን በሚያቀልለው ዳግላስ ፖይከር በሚባለው ዘዴ ቶለራንሱን (መስመሩ ከቦታው እንዲርቅ የሚፈቀድለትን ርቀት) ከፍ ካደረጋችሁ ደግሞ ኩርባው ጭራሽ ይቆረጥና መንገዱ ቀጥ ብሎ ተራራው ላይ ይወጣል። ተጓዡ አጭር መስሎት ውሃ ሳይዝ ይነሳል። ለ1፡50,000 ቶለራንሱን ከ10 ሜትር አካባቢ ጀምሩ። የተጣበቁትን እንደ ሐረጎ መንገድ ጥምዝምዝ ያለ ቦታ ላይ በእጅ ሥሩ፦ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ኩርባ በቦታቸው ጠብቁ፣ ከመሃል የተወሰኑትን አውጡ፣ የቀሩትን ትንሽ አራርቁ።

ሁሉም መንገድ ቀጥ ያለ እንጨት ሆነ

መረጃው የሚለካው በዲግሪ (በኬክሮስና በኬንትሮስ) ስለሆነ ነው። ቶለራንሱን 10 ብላችሁ ስትጽፉ 10 ሜትር ሳይሆን 10 ዲግሪ፣ ማለትም ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ በሜትር ወደሚለካው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ቀይሩት።

መገንጠያው ላይ መንገዶቹ ተላቀቁ

እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ሲቀልል፣ በመሃሉ ያለችው የመገናኛ ነጥብ ልትጣል ትችላለች። ከማቅለላችሁ በፊት መስመሮቹን መገንጠያ ላይ ቁረጡ፤ ዘዴው ጫፍን አይነካም።

ቦርከና ሸለቆውን ትቶ ዳገት ላይ ይሄዳል

ወንዙና ኮንቱሩ ከተለያየ ምንጭ ስለመጡ ነው፤ በተለያየ መጠን ስታቀሏቸው ይባስ ይራራቃሉ። ወንዙን በጥቂቱ ብቻ አቅልሉ። አሁንም ካልገጠመ የሳተላይት ምስል ከሥር አድርጋችሁ ማን እንደሳተ እዩ። ወንዙ ከሆነ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አርሙት፣ ለሌላውም ይጠቅማል። ኮንቱሩ ከሆነ ወንዙን አትንኩት፣ ኮንቱሩን እዚያች ቦታ ላይ ወደ ሸለቆው ሳቡት።