በሐዋሳ ሐይቅ ውሃ ውስጥ የእንስሳትን ባለ አንድ ሕዋስ ዘመዶች ፈልጎ ማጥናት

የእንስሳት አካል ከአንድ ሕዋስ ተነሥቶ እንዴት ብዙ ሕዋስ እንደሆነ ከቅሪተ አካል ብቻ መረዳት አዳጋች ነው፤ ለስላሳ ሕዋሳት በድንጋይ ላይ አሻራ የሚተዉት ከስንት አንዴ ነውና። ስለዚህ ዛሬ በሕይወት ያሉትን የቅርብ ዘመዶች መመርመር ያስፈልጋል። ከሁሉም የሚቀርቡን ኮአኖፍላጀሌቶች ናቸው፤ እነዚህ አንድ ጅራፍና በዙሪያው የሸሚዝ ኮሌታ የመሰለ ክብ ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ናቸው። ይሁን እንጂ ከእኛ ከተለዩ ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ስለሆናቸው ቅድመ አያቶቻችን ሳይሆኑ የሩቅ ዘመን የአጎት ልጆች ናቸው።

ናሙናውን ደንገልና የበሰበሰ ቅጠል ካለበት ዳርቻ በንጹሕ ጠርሙስ ይቅዱ። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በሐይቁ ዳር ስለሚገኝ ያለ ቦት ጫማና ያለ ጓንት ውሃውን አይንኩ፤ ጉማሬ መኖሩንም አይርሱ። (ካፕሳስፖራ የተባለው ሌላው ባለ አንድ ሕዋስ ዘመዳችን የተገኘው የዚሁ ቀንድ አውጣ ወገን በሆነ በሌላ አህጉር ዝርያ ውስጥ ነው።) ውሃው ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ የተቀቀለ ሩዝ ጨምረው፣ ክዳኑን ሳያጠብቁ ጥላ ቦታ ያስቀምጡት። ሩዙ ባክቴሪያውን ያራባል፣ ኮአኖፍላጀሌቱ ደግሞ ባክቴሪያውን ይበላል።

ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከሩዙ አጠገብ አንድ ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ 400 እጥፍ አጉልተው ይመልከቱ። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከማጉላት ኃይል በላይ የሚጠቅመው የብርሃን አያያዝ ነው፤ ሕዋሱ ብዙውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሜትር ስለማይበልጥና ኮሌታው እጅግ ስስ ስለሆነ ብርሃኑ ሲበዛ ፈጽሞ ይጠፋል። የማይክሮስኮፑን የብርሃን መክፈቻ ቀስ እያሉ ሲያጠቡት እንቁላል ከሚመስለው አካል በላይ ወደ ላይ የሚከፈቱ ሁለት ፈዛዛ መስመሮች ብቅ ይላሉ፤ ኮሌታው ማለት ያ ነው። በመካከሉ አንድ ጅራፍ እየተርገበገበ ውሃውን ይስባል፣ ባክቴሪያውም ኮሌታው ላይ ይለጠፋል። አሜሪካዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሄንሪ ጄምስ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ይህ ቅርጽ ስፖንጅ ከተባለው የውሃ እንስሳ የኮሌታ ሕዋሳት ጋር መመሳሰሉን አስተውሎ ነበር።

የተሰባሰቡ ሕዋሳት ካገኙ ዋናውን ጥያቄ ያንሡ፦ ተለያይተው የነበሩ ሕዋሳት ናቸው የተጠጋጉት ወይስ አንዱ ሕዋስ ተከፍሎ ልጆቹ ሳይለያዩ ቀሩ? ካፕሳስፖራ በመጀመሪያው መንገድ ይሰባሰባል። ሳልፒንጎኤካ ሮዜታ የተባለው ኮአኖፍላጀሌት ግን እንደ እንስሳ ሽል በመከፈል ጽጌረዳ የመሰለ ክብ ይሠራል፤ ሕዋሳቱም በቀጭን ድልድይ እንደተያያዙ ይቆያሉ። ለመለየት ለብቻው ያለ አንድ ሕዋስ መርጠው፣ ጠብታው እንዳይደርቅ እየጠበቁ፣ ለሰዓታት በየጊዜው ይሣሉት።

ቀጣዩ ሙከራ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ሳልፒንጎኤካ ሮዜታን ወደ ክብ ስብስብ የሚመራው አልጎሪፋገስ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመነጨው ቅባት መሰል ንጥረ ነገር መሆኑን አሳይቷል። እርስዎም ስብስብ ያለበትን ናሙና ለሁለት ከፍለው በአንዱ ላይ ፀረ ባክቴሪያ ይጨምሩ፤ ሕዋሳቱ እንዳይራቡም ለሁለቱም በሙቀት የተገደለ ባክቴሪያ ይመግቡ። ከዚያ በየዕለቱ ነጠላውንና የተሰባሰበውን ለየብቻ ቆጥረው ከውሃው ሙቀት ጋር ይመዝግቡ።