«የሚገባውን ያህል አልታወቀም» የሚለውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ በጥንቃቄ እንዴት እንጻፍ?

ስለ እንሰት በእንግሊዝኛ የሚጻፉ የጥናት ሐሳቦችንና የድጋፍ ማመልከቻዎችን ሳርም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል፦ እንሰት ወደር የማይገኝለት፣ ዓለም ግን የረሳው ሰብል ነው። ጸሐፊው ለጉዳዩ ያለው ፍቅር ደስ ይላል። ገምጋሚው ግን እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ወደር የማይገኝለት በማን መለኪያ? ዓለም ማለትስ ማን ነው? ዳር ላይ «ማስረጃ?» ብሎ ይጽፍና ቀሪውን በጥርጣሬ ያነበዋል። እንዲህ ያለ ሰብል ጠበቃው ቃል ስላልመረጠለት ብቻ ሲወድቅ ያንገበግበኛል። አሠራሩን በእንሰት ምሳሌ አሳያለሁ፤ እርስዎ በቦታው የራስዎን ጉዳይ ያስገቡ፣ ሽመናም ይሁን ቅኔ።

1. እውነታውን ያለ ማለዘቢያ ይጻፉ

በእርግጠኝነት የሚያውቁትን ያለ አንዳች «ምናልባት» ያስቀምጡ። እንሰት በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይመግባል። ዱር በቀሉ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ አላምደው የምግብ ሰብል ያደረጉት ግን የኢትዮጵያ ገበሬዎች ናቸው። ለዓመታት ማሳ ላይ ስለሚቆይ የመኸር ወቅት አይጠብቅም፤ ቤተሰቡ ሲቸግረው ቆርጦ ይጠቀምበታል። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላም ቆጮው ለወራት ይቀመጣል። እዚህ ላይ «ሜይ ፊድ ሚሊየንስ» ብለው ከጻፉ፣ ዛሬ ጠዋት ቆጮ በልቶ የወጣውን ሰው መብላቱን ተጠራጠሩ ማለት ነው። እውነታ ላይ የተጨመረ ጥንቃቄ ትሕትና አይደለም፤ ጸሐፊው የሚጽፈውን አያውቅም ያሰኛል።

2. ጥንቃቄው የት ላይ እንደሚያርፍ ይወስኑ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። «የሚገባውን ያህል አልታወቀም» ስንል ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ እንናገራለን። አንደኛው ነገሩ ዋጋ አለው የሚለው ነው። ሁለተኛው የተሰጠው ግምት ከዋጋው ያንሳል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ከላይ ባስቀመጥናቸው እውነታዎች ማሳየት እንችላለን። ሁለተኛው ፍርድ ነው፤ «ይገባዋል» የሚለውን መጠን የወሰንነው እኛው ነን። ስለዚህ የጥንቃቄ ቃሉ የሚያርፈው ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። የሚደርሱኝ ረቂቆች አብዛኞቹ ግን ተገላቢጦሽ ናቸው፤ እውነታውን በ«ፐርሃፕስ» ያለዝቡና ፍርዱን እንደ ተረጋገጠ ነገር ይደነግጉታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በማን ዘንድ ነው ያልታወቀው የሚለው ነው። እንግሊዝኛ «ኢዝ አንደርአፕሪሺዬትድ» ብሎ በማን ዘንድ እንደሆነ ሳይናገሩ ማለፍ ያስችላል፤ ይህ ምቾት ነው አደጋው። እንሰት በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በሀድያ፣ በከምባታ ዘንድ መቼ ተረሳ? ጓሮው ነው፣ ሰርጉ ነው፣ የክፉ ቀን መጠለያው ነው። «የተረሳ ሰብል» ብሎ በደፈናው መጻፍ እነዚህን ሰዎች ሁሉ ከአንባቢነትም ከአዋቂነትም ማስወጣት ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ሊል የፈለገው ጠበብ ያለ ነገር ነው፦ ከኢትዮጵያ ውጭ አልታወቀም፣ ወይም በዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ከስንዴና ከበቆሎ ጋር ሲተያይ ትንሽ ተጠንቷል፣ ወይም ለአጠውልግ በሽታው የተሰጠው ትኩረት ጉዳቱን አይመጥንም። ከሦስቱ የእርስዎን ይምረጡና የትና በማን ዘንድ እንደሆነ የሚናገረውን ሐረግ ዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡት። «አውትሳይድ ኢትዮጵያ» የምትለዋ ሐረግ ብቻዋን ግማሹን ሥራ ትሠራለች፤ የሚነገረውን ስላጠበበች የማለዘቢያ ቃሉ ሸክም ይቀላል።

3. የማለዘቢያ ቃሉን ይምረጡ

«አርግዩአብሊ» የሚለውን ብዙዎቻችን «አከራካሪ» ብለን ስለምንረዳው እንሸሸዋለን። የሚለው ግን «ብከራከርበት ልረታ እችላለሁ» ነው፤ ወደ አዎንታ ያጋደለ ቃል ነው። አከራካሪ ለማለት የሚውለው «ዲቤተብል» ሌላ ነው፤ እሱ ያጣጥላል። «ሜይ» ሁለቱንም በር ክፍት ይተዋል፤ «ሜይ ዌል» ግን «ሳይሆን አይቀርም» ለሚለው የእኛ አነጋገር ይቀርባል። ኃላፊነቱን ራስዎ ለመውሰድ ሲፈልጉ «አይ ዉድ አርጊው» ይበሉ። ጨዋነትና ጽናት አብረው ያሉበት በመሆኑ እኔ ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። «ኢት ኩድ ቢ አርጊውድ» ግን ተከራካሪውን ስለሚደብቅ አልወደውም።

በአማርኛ ጽሑፍ የለመድነውን «ቢባል ማጋነን አይሆንም» ወደ እንግሊዝኛ አይውሰዱት። በእኛ ጋዜጣ ላይ ንግግሩን ያለዝባል፤ እንግሊዝኛው አንባቢ ግን ይህን ሐረግ ሲያይ ማጋነን ሊመጣ ነው ብሎ ይዘጋጃል።

«ኳይት»ን ደግሞ ይተዉት። ከቅጽል ጋር ሲመጣ አሜሪካዊው በአብዛኛው «በጣም» ብሎ ይረዳዋል፣ እንግሊዛዊው ብዙ ጊዜ «መጠነኛ» ብሎ ይረዳዋል። «ላይክሊ»ም እንደ አንባቢው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ቡድን በሪፖርቶቹ ይህን ቃል ከ66 እስከ 100 በመቶ ለሚሆን ዕድል ይጠቀምበታል፤ «ቬሪ ላይክሊ» ደግሞ ከ90 በመቶ ይጀምራል። ስለ እንሰትና ድርቅ ለዚያ ዘርፍ ሰዎች ከጻፉ ቃሉ ቁጥር ተሸክሞ እንደሚነበብ ይወቁ።

4. የጉድለቱን ቃል ይምረጡ

«አንደርሬትድ» የወዳጅ ጨዋታ ቃል ነው፤ ለማመልከቻ አይሆንም። «አንደርቫሊውድ» ወደ ገንዘብ ያጋድላል። «ኔግሌክትድ» ከሳሽ ነው፤ ይሁንና የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት «ኔግሌክትድ ኤንድ አንደርዩቲላይዝድ ስፒሺስ» የሚለውን መጠሪያ ስለሚጠቀም በእርሻ ጽሑፍ ውስጥ ተቀባይነት አለው። ጥናት ማነሱን ለመናገር «አንደርስተዲድ» ይበቃል። እኔ ግን ባለ አንድ ቃሉን ትቼ ንጽጽር ያለበትን እመርጣለሁ፦

«አውትሳይድ ኢትዮጵያ፣ ኢንሰት ሃዝ አርግዩአብሊ ሪሲቭድ ሌስ አቴንሽን ዛን ኢትስ ሮል ኢን ፉድ ሴኪዩሪቲ ዋራንትስ።»

ከኢትዮጵያ ውጭ እንሰት በምግብ ዋስትና ውስጥ ካለው ድርሻ ያነሰ ትኩረት አግኝቷል ማለት ይቻላል፣ እንደማለት ነው። ትኩረቱና ድርሻው ጎን ለጎን ስለቀረቡ አንባቢው ራሱ ያመዛዝናል። ከዚህ ቀጥሎ የ20 ሚሊዮኑን ዓረፍተ ነገር ያለ ማለዘቢያ ያስገቡ።

5. ከአንድ በላይ ማለዘቢያ ካለ ይሰርዙ

«ሜይ ፐርሃፕስ ፖሲብሊ» የሚደራርብ ጽሑፍ ጸሐፊው የፈራ ያስመስለዋል። በአንድ ፍርድ አንድ ቃል ይበቃል።

ጥንቃቄ ሐሳቡን ያሳንሰዋል ብለው ከሰጉ፣ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 በኔቸር መጽሔት የዲኤንኤን ቅርጽ ሲያሳውቁ ያደረጉትን ይመልከቱ። ግኝቱ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር ውርስ እንዴት እንደሚባዛ የሚጠቁም መሆኑን የገለጹት፣ ይህ ከእይታችን አላመለጠም በምትል ዝቅ ያለች ዓረፍተ ነገር ነው። ዓረፍተ ነገሯ እስከ ዛሬ ትጠቀሳለች። እንዲህ ያለውን በአሉታ የመናገር ስልት ግን ለጀማሪ አልመክረውም፤ «ኖት አንኢምፖርታንት» ዓይነቱ በቀላሉ ይጠላለፋል።

6. ይፈትሹት

የሰዋስው አራሚ መተግበሪያዎች «አርግዩአብሊ»ን እንደ ትርፍ ቃል ቆጥረው ሊያስወጡት ይችላሉ። የሚሉትን ሁሉ አይቀበሉ፤ ፍርዱ ላይ ያረፈችውን አንዷን ቃል ያስቀሯት፣ የቀረውን ይቁረጡት። ሐረጉ በእውነት የሚሠራበት መሆኑን ለማየት ከመተግበሪያዎቹ ይልቅ ጎግል ስኮላርን አምናለሁ፤ ሐረጉን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው ሲፈልጉ በዘርፍዎ ማን እንዴት እንደጻፈው ያያሉ።

ለዊኪፒዲያ የሚጽፉ ከሆነ 3ኛውን እርምጃ ይዝለሉት። የአጻጻፍ መመሪያው «አርግዩአብሊ»ን የአርታኢ አስተያየት ከሚያስገቡ ቃላት መካከል ይዘረዝረዋል። እዚያ ፍርዱን የሰጠውን ተመራማሪ ወይም ተቋም በስም ጠርተው ምንጩን ያያይዙ፤ ምንጭ ከሌለ ፍርዱን ትተው እውነታውን ብቻ ያስቀምጡ።