ሆርን ስፒከር ለሰፊ ሳሎን፦ ችግሩና መፍትሄው

ድምፁ ከኋላ አይደርስም

ሆርን ስፒከር አፉ እንደ ጥሩንባ እየሰፋ የሚሄድ ድምፅ ማውጫ (ሆርን) ያለው ስፒከር ነው። ስፒከራችሁ ሲጮህ ፊት ያለው ጆሮውን ይይዛል፤ በር አጠገብ የተቀመጠው ግጥሙ አይሰማውም። ብዙ ሰው ወዲያው ትልቅ አምፕሊፋየር (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው ማጉያ) ፍለጋ ይወጣል። መጀመሪያ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ እዩ። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንደሚያወጣ የሚናገር ቁጥር ነው። ተራ የቤት ስፒከር 87 አካባቢ ነው። ጥሩ ሆርን ከ97 ያልፋል። የ10 ዴሲቤል ልዩነት በኃይል 10 እጥፍ ነው፤ 87ቱ በ100 ዋት የሚያወጣውን 97ቱ በ10 ዋት ያወጣዋል። እኔ ብሆን ገንዘቤን ዋት ላይ ሳይሆን እዚህ ቁጥር ላይ አውል ነበር።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ሆርኑን ከተቀማጮቹ ራስ ትንሽ ከፍ አድርጉትና ወደ ሩቁ ወንበር አዙሩት። ሆርን ድምፁን ወደዞረበት ነው የሚልከው።

ጆሮ ይወጋል

ይሄ ወሎ ውስጥ በደንብ ሊታሰብበት ይገባል። አምባሰል፣ ባቲ፣ መንዙማ ስናደምጥ ልባችን ያለው ድምፃዊው ላይ ነው። የቃሉ ጥራት ደግሞ በአብዛኛው የሚወጣው በሆርኑ ነው። እሱ ከሻከረ ሌላው ቢያምርም ዋጋ የለውም።

አንዱ ምክንያት ምርጫው ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚሰቀለው ጥሩንባ ንግግርን ሩቅ ለማድረስ የተሠራ ነው። ለዚያ ሥራው ግሩም ነው፤ ለሳሎን ግን ከበሮውን ይበላዋል።

ሌላው ክፍሉ ነው። መሀል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ከቆመ በኋላ ግድግዳው ከጮኸ ጥፋቱ የስፒከሩ ብቻ አይደለም። ደሴ ብርዱ ራሱ ምንጣፍ ያስነጥፋል፤ ኮምቦልቻ ግን በሙቀቱ ምክንያት ሴራሚኩ ባዶውን ሊቀር ይችላል። ወፍራም መጋረጃ፣ ምንጣፍ፣ በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያ ብዙ ይለውጣሉ።

ይህም ሆኖ ከወጋ ሆርኑ ከዉፈሩ (ቤዙን ከሚያወጣው ትልቅ ስፒከር) በላይ ስለሚጮህ ሊሆን ይችላል። ስፒከሩ ከኋላው የሆርን ድምፅ መቀነሻ ካለው ትንሽ በትንሹ አውርዱ።

ቤዙ ጠፋ

የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ትንሽ ሆርን ይህን አይችለውም። ስለዚህ ከሥሩ 12 ወይም 15 ኢንች ዉፈር ያለውን ምረጡ። ስፒከሩ ወደ ክፍሉ ማዕዘን ሲጠጋ ቤዙ ይጨምራል፤ ድምፁ ከታፈነ በስንዝር በስንዝር መልሱት።

ሙዚቃ ሳይጀመር ስስስ ይላል

ሴንሲቲቪቲው ከፍ ያለ ስፒከር የአምፕሊፋየሩን ሹክሹክታ ሁሉ ያሰማል። የሚክሰሩን (የድምፅ ማደባለቂያውን) ድምፅ ከፍ፣ የአምፕሊፋየሩን ዝቅ አድርጉ። ድምፁ ስስስ ሳይሆን እምምም ከሆነ ዕቃዎቹን በሙሉ ከአንድ ሶኬት አብሩ፤ ገመዱንም ፈትሹ።

ሆርኑ ይንኮሻኮሻል

ብዙ ጊዜ ዲያፍራሙ (ድምፁን የሚያወጣው ስስ ሽፋን) ተሰንጥቆ ወይም ተቃጥሎ ነው። ትንሽ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ተከፍቶ ድምፁ እስኪበላሽ ሲጮህ ሊመጣ የሚችል ጉዳት ነው። ያገለገለ ስትገዙ እያንዳንዱን ሆርን ለብቻው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ አድምጡ። መለወጫ ዲያፍራም መገኘቱን ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።