ስልካችሁ «ግዙ፣ ግዙ» ሲላችሁ እንዴት ትይዙታላችሁ?

ሜክሲኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ቲክቶክ ከፈታችሁ እንበል። አንድ የጫማ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው አያችሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ጫማ ይመጣል። ብዙ ሰው «ስልኩ ወሬያችንን እየሰማ ነው» ይላል። ለዚህ ግን ወሬያችሁን መስማት አያስፈልገውም። ላይክ ባታደርጉም ስንት ሰከንድ እንዳያችሁ ይመዘገባል። ሰው ሰራሽ አስተውሎቱ ከዚያ ተነስቶ ቀጥሎ ምን እንደሚይዛችሁ ይገምታል።

መጀመሪያ ማስታወቂያው ለምን እናንተ ጋ እንደመጣ እዩ። ፌስቡክ ላይ ከማስታወቂያው ጥግ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ ምክንያቱን የሚያስረዳ አማራጭ ታገኛላችሁ። ዕድሜ፣ ከተማ፣ ከዚህ በፊት የነካካችሁት ገጽ ሊሆን ይችላል። ይህን ሳታዩ ወደ ሌላው አትለፉ።

ቀጥሎ የማስታወቂያ መለያውን አጥፉ። ይህ ስልካችሁ ውስጥ ያለ መለያ ቁጥር ሲሆን፣ በተለያዩ አፖች የምታደርጉት ነገር የአንድ ሰው መሆኑን ለማገናኘት ያገለግላል። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ አድስ ግቡና ሰርዙት። አይፎን ላይ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፖች ሊከታተሏችሁ ሲፈልጉ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እምቢ በሉ። ማስታወቂያው አይጠፋም፤ እናንተን እያነጣጠረ መምጣቱ ግን ይቀንሳል።

የቦታ ፈቃድንም ተመልከቱ። የታክሲ መጥሪያ አፕ ያላችሁበትን ማወቅ አለበት፤ «ስጠቀም ብቻ» የሚለው ይበቃዋል። ለባትሪና ለካልኩሌተር አፕ ጭራሽ ከልክሉ።

ዋናው ነገር የመክፈያው ሰዓት ነው። «2 ብቻ ቀርቷል»፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ የተሰረዘ ትልቅ ዋጋ፦ እነዚህ የተቀመጡት ሳታስቡ እንድትከፍሉ ነው። ዝርዝሩ ላይ አንደኛ የወጣው ዕቃም ምርጡ ላይሆን ይችላል፤ ሻጩ ከፍሎበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አፑን ዝጉ። ፒያሳ ወይም መርካቶ ብቅ ብላችሁ ያንኑ ዕቃ በእጃችሁ ያዙት፣ ዋጋ ጠይቁ። መሄድ ካልቻላችሁ ለአንድ ባለሱቅ ደውሉ። በማግስቱም ካማራችሁ ግዙ። እኔ ከሁሉም እርምጃ ይህን አስበልጣለሁ።

በመጨረሻም መብታችሁን ተጠቀሙ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አንድ ሱቅ ስልክ ቁጥራችሁን ይዞ በየቀኑ ማስታወቂያ ከላከባችሁ ምን መረጃ እንደያዘ እንዲነግራችሁ፣ እንዲያቆምና እንዲሰርዝ በጽሑፍ ጠይቁ። የጻፋችሁትንም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።