የፀሐይን ምስል ያበላሹብኝ ሰንበሮች

ሁለት ቅዳሜ ሙሉ የታገልሁት ከፀሐይ ጋር ሳይሆን ከሰንበር ጋር ነበር። የሃይድሮጅን አልፋ ማጣሪያ ባለው የ40 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ፣ በጥቁርና ነጭ ካሜራ የማነሳው ምስል ሁሉ የሜዳ አህያ ቆዳ መሰለ። በዚያው ቴሌስኮፕ በዓይኔ ሳያት ግን ፀሐይዋ ንጹሕ ናት።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት አቧራን ነው። ሌንሱን ጠረግሁ፤ ለውጥ የለም። ቴሌስኮፑን በጥቂቱ አንቀሳቀስሁ፤ ፀሐይዋ በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ስትንሸራተት ሰንበሮቹ ንቅንቅ አላሉም። ካሜራውን ባዞረውም ያው። ጥፋቱ ካሜራው ውስጥ ነበር!

ይህ የኒውተን ቀለበት የሚባለው ነው። ማጣሪያው የሚያሳልፈው በ656.28 ናኖሜትር ዙሪያ ያለውን እጅግ ጠባብ ቀይ ብርሃን ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ባለ አንድ ቀለም ብርሃን በካሜራው ብርሃን ተቀባይና በላዩ ባለው መስታወት መካከል ሲመላለስ ሞገዶቹ አንድ ቦታ ይደጋገፋሉ፣ ሌላ ቦታ ይጠፋፋሉ። በነጭ ብርሃን ቀለማቱ ስለሚደባለቁ ጎልቶ አይታይም።

መፍትሔው ካሜራውን ጥቂት ማዘንበል ነው። ለዚሁ የተሠራ መጋጠሚያ ይሸጣል፤ እኔ ግን (ቆጣቢነት በሉት) የታጠፈ ካርቶን በካሜራው አንገት በአንድ በኩል ሸጎጥሁ። የቴሌስኮፑን ማጣሪያዎች አልነካሁም፤ እነርሱ ከተፈቱ ዓይን ይጠፋል። ሰንበሮቹ እየቀጠኑ፣ እየተጠጋጉ ሄደው ጠፉ። ስስት ይዞኝ አብዝቼ ሳዘነብለው የፀሐይዋ አንድ ጠርዝ ደበዘዘ፤ ካርቶኑን አንድ እጥፋት ቀነስሁ። በቀጣዩ ቀረጻ ጠርዟ ላይ እንደ ጭስ የቆመ የጋዝ ቅስት ጥርት ብሎ ወጣ።