ክላውን ዓሣን በቤት ውስጥ ለማራባት ከባልዲው ይጀምሩ

ክላውን ዓሣ የተባለውን ትንሽ የባሕር ዓሣ ጥንድ አድርጎ በኮራል ገንዳ (ኮራል በሚኖርበት የጨዋማ ውኃ ገንዳ) ውስጥ ይዞ በደንብ የሚመግብ ሰው፣ አንድ ቀን ድንጋይ ላይ የተለጠፈ ብርቱካናማ ምንጣፍ ያገኛል። እንቁላል ነው። እኔ ባየሁት ዕለት ዋናው ሥራ ያለቀ መስሎኝ ጎረቤት ጠርቼ አሳይቼ ነበር። በስምንተኛው ሌሊት ተፈለፈሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ሳይቀሩ አለቁ። የሚበሉት ነገር አላዘጋጀሁላቸውማ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ!

ከዚያ ወዲህ ይህን ሥራ ለሰው ሳስረዳ የምጀምረው ከጫጩቶቹ ምግብ ነው። ክላውን ዓሣ እንቁላል ለመጣል ብዙ ልመና አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው ከእንቁላሉ የሚወጣውን መመገብ ነው።

ባልዲው

አዲስ የተፈለፈለ እጭ ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ነው፤ አፉን መገመት አያዳግትም። የተፈጨ ደረቅ ምግብ ቢበትኑለት ዞር ብሎ አያየውም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ይፈልጋል። ለዚህ የምትሆነው ሮቲፈር የምትባል፣ በጨዋማ ውኃ የምትኖርና በዓይን የአቧራ ቅንጣት የምትመስል ደቂቅ እንስሳ ናት። እርሷ ደግሞ በተራዋ አልጌ የተባለውን፣ በውኃ ውስጥ የሚበቅል ደቂቅ አረንጓዴ ነገር ትበላለች።

ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሁለት ያዘጋጁ። ሁለት ያልሁት አንዱ መበላሸቱ ስለማይቀር ነው። ከዓሣ ገንዳዎ ጨዋማነቱ ትንሽ ቀነስ ያለ፣ በሃይድሮሜትር (በጨዋማነት መለኪያ) 1.018 አካባቢ የሆነ ውኃ ይሙሉበት። የአየር ቱቦውን ጫፉ ላይ አረፋ የሚያደቅቀውን ድንጋይ ሳያስገቡ ይክተቱት፤ ትልልቅ አረፋ ይሻላል፣ ደቃቁ ሮቲፈሮቹን ይጎዳቸዋል። ማስጀመሪያውን ሮቲፈር የአኳሪየም ዕቃ ከሚሸጥበት ይግዙ። ምግባቸው ናኖክሎሮፕሲስ የተባለው አልጌ ነው። በጠርሙስ ተጠምቆ በማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ስላለ ራስዎ አሳድጋለሁ ብለው አይድከሙ። ጠዋትና ማታ ውኃው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እስኪሆን ይጨምሩ። ከጠራ በልተው ጨርሰዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ አያያዙ እንደ እርሾ ነው። የእንጀራ እርሾ ተቀንሶ እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ በየቀኑ የባልዲውን ሩብ ቀድተው ቀዳዳው 53 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በሆነ ወንፊት ያጥሉና ጎዶሎውን በአዲስ ጨዋማ ውኃ ይተኩ። የቀረው ራሱን ያበዛል። ለመቀነስ የሳሱለት ባልዲ ተጨናንቆ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ገና እጭ ስለሌለዎት የተጠለለውን ሮቲፈር ወደ ኮራል ገንዳው ይድፉት፤ ኮራሎቹ ይወዱታል። ባልዲው በእጅዎ ሳይበላሽ አንድ ወር ከቆየ፣ እንቁላሉ ይምጣ።

ጥንዶቹ

ለጀማሪ የምመክረው አምፊፕሪዮን ኦሴላሪስ የተባለውን፣ ብርቱካናማውን ባለ ሦስት ነጭ ቀለበት ዝርያ ነው። በገንዳ የተወለደውን ይግዙ። ከባሕር ከተያዘው ይልቅ ጤናው የታመነ ነው፣ የቀረበለትንም ይበላል።

የጾታቸው ነገር ይገርማል። ሴቴ ሆኖ የሚወለድ የለም። አብረው ከሚኖሩት መካከል ትልቁና ኃይለኛው ሴቴ ይሆናል፣ ሁለተኛው ወንዴ ይሆናል፣ የተቀሩት ትንሽ እንደሆኑ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሴቲቱ ብትሞት ወንዴው ይለወጥና ቦታዋን ይወርሳል። ከሴቴነት ግን መመለስ የለም። ሁለት ትልልቅ ዓሣ ገዝቶ ማገናኘት እንግዲህ ሁለት ሴቴ ማጋጠም ሊሆን ይችላል፤ አንዷ እስክትሞት ይዋጋሉ። አንዱ ከሌላው በግልጽ የሚበልጥ ሁለት ወጣት ዓሣ ይምረጡ። ትንሹ በትልቁ ፊት ጎኑን ሰጥቶ ሲንቀጠቀጥ ካዩ ነገሩ ሠምሯል፤ እጅ መንሣቱ ነው። እስኪደርሱ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል።

ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ባለ ሁለት ቀለበቱ ዘመዳቸው አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ ይባላል። ይህን ስም በ1830 እ.ኤ.አ. የሰጠው፣ ጥቂት ቆይቶ በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ድረስ የዘለቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ዓሣው ያምራል፣ ግን ቁጡ ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ይቅርብዎ።

የውኃው ሙቀት ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ ጨዋማነቱ 1.025፣ አሞኒያው (ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጨው መርዝ) ዜሮ ይሁን። ለባሕር ገንዳ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው በተጣራ ውኃ ይበጥብጡ። የወጥ ጨውም ሆነ የአፋር አሞሌ አይሆንም፤ የባሕር ውኃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚጎድላቸው ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ የተከተፈ ሽሪምፕና የዓሣ እንቁላል እየቀያየሩ ይመግቧቸው። አኔሞኒ፣ ክላውን ዓሣ በባሕር ውስጥ የሚጠለልበት እንስሳ፣ የግድ አይደለም። የሚያስፈልገው የአበባ መትከያ ሸክላ ነው። ዓሣዎቹ በሚያዘወትሩት ጥግ ያጋድሙት፤ ድንጋይ ላይ የተጣለ እንቁላል አይነሣም፣ ሸክላው ግን ከነእንቁላሉ ይነሣል።

ከመጣል እስከ መፈልፈል

ወንዴው ሸክላውን በአፉ እየጋጠ ማጽዳት ከጀመረ፣ የሴቲቱ ሆድ ተነፍቶ ከሥሩ አጭር ነጭ ቱቦ ብቅ ካለ፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ትጥላለች። እርሷ በረድፍ እየለጠፈች ትሄዳለች፤ እርሱ ከኋላዋ እየተከተለ ያዳብራል። ከዚያ በክንፉ ማራገብና የሞተውን እንቁላል እየለቀሙ መብላት በአብዛኛው የአባትየው ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጊዜያት ራሳቸው ቢበሉት አይዘኑ፤ አዲስ ወላጆች ናቸው።

በመጀመሪያ ብርቱካናማ የነበረው እንቁላል በየቀኑ ይጠቁራል። በመጨረሻ በባትሪ ብርሃን ሲያዩት፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብርማ ዓይኖች መልሰው ያዩዎታል። በ27 ዲግሪ ይህ የሚሆነው በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ነው። በኮራል ገንዳው ውስጥ ከተፈለፈሉ ማጣሪያው፣ ኮራሉና ሌሎቹ ዓሣዎች ይጨርሷቸዋልና በዚያው ምሽት መብራት ከመጥፋቱ በፊት ያዛውሯቸው።

የሚዛወሩበት ገንዳ 40 ሊትር ይበቃዋል። ጎኖቹን በጥቁር ወረቀት ይሸፍኑ፣ ውኃውን በሙሉ ከወላጆቹ ገንዳ ይቅዱ፣ ማሞቂያ ይክተቱ፣ ማጣሪያ ግን አያስገቡ፤ ይውጣቸዋል። ሸክላውን በጎድጓዳ ሳህን ከነውኃው ያንሡት፣ አየር እንዳይነካው። እናትየው እጅዎን መንከሷ አይቀርም፤ ደም አይወጣም፣ ግን ያስደነግጣል። የአባትየውን ክንፍ የሚተካ አየር የሚተፋ ድንጋይ ከእንቁላሉ ሥር ያኑሩና አረፋው እየነካካ እንዲያልፍ ያድርጉ። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው ይውጡ። በጨለማው በሁለት ሰዓት ውስጥ አብዛኞቹ ይፈለፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ዐሥራ ሁለት ቀናት

ጠዋት ውኃውን በአልጌ ጥቂት አረንጓዴ ያድርጉት፣ የተጠለለውን ሮቲፈር ይጨምሩ። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን። ብዛቱን ለማወቅ መርፌ በሌለው ስሪንጅ 1 ሚሊሊትር ቀድተው በብርሃን ፊት ያንሡት፤ ከ5 እስከ 10 ነጫጭ ነጥቦች ሲዋኙ ከቆጠሩ በቂ ነው። ከዚያ ከወረደ ይጨምሩ። በቀን ሦስት ጊዜ ይቁጠሩ፣ አይገምቱ። እጩ እንደ ቅንፍ ጎበጥ ብሎ ድንገት ወደ ፊት ሲወረወር ካዩ እየበላ ነው።

ከረሃብ ቀጥሎ ገዳዩ አሞኒያ ነው፤ ማጣሪያ የሌለው ውኃ ቶሎ ይቆሽሻል። በየጠዋቱ ወለሉን በቀጭን ቱቦ ይሳቡና የጎደለውን ከወላጆቹ ገንዳ በጠብታ ይመልሱ፤ በቀን ከ10 እስከ 20 በመቶ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ከሁሉ አስቀድመው ይግዙ።

በስድስተኛው ቀን ገደማ እጮቹ አርቴሚያ የተባለውን፣ ሽሪምፕ መሰል ደቂቅ የጨዋማ ውኃ እንስሳ መብላት ይጀምራሉ። ደረቅ እንቁላሉ በጨዋማ ውኃ፣ በአየርና በብርሃን በ24 ሰዓት ይፈለፈላል፤ ቅርፊቱን ለይተው በዚያው ቀን ይስጡ። ጥቂት በጥቂት፣ ከሮቲፈሩ ጋር ደባልቀው። የበሉት ሆዳቸው ብርቱካናማ ይሆናል። ብዙ አይስጡ፤ ከጠገቡ በኋላም መጉረሳቸውን ስለማይተዉ ይሞታሉ።

ከስምንተኛው እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን መልካቸው ይለወጣል። ውኃው መካከል ሲንሳፈፉ የነበሩት ወደ ወለሉና ወደ ግድግዳው ይወርዳሉ፣ ከዓይናቸው በስተኋላ የመጀመሪያዋ ነጭ ቀለበት ትታያለች። በዚህ ጊዜ የሚሞቱ አሉ፤ ከመቶ ሠላሳ ቢተርፉልዎ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ አይደለም። የተረፉት ግን ይጠነክራሉ። በዋናው ገንዳ አንድ ወር የቆየ የስፖንጅ ማጣሪያ ያስገቡላቸው፣ የተፈጨ ደረቅ ምግብም ያለማምዷቸው።

ጫጩቶቹን ወደ ወላጆቻቸው ገንዳ አይመልሷቸው። እናትየው ልጆቼ ናቸው አትልም፣ ታባርራቸዋለች። ለመሸጥ ወይም ለወዳጅ ለመስጠት የሚበቁት በግማሽ ዓመት ገደማ ነው። እስከዚያ ጥንዶቹ በየሁለት ሳምንቱ እንቁላል መጣላቸውን አያቆሙም። እኔ ከአራቱ አንዱን ብቻ አሳድጋለሁ፤ የቀረውን ለኮራሎቹ ቀለብ እተወዋለሁ።