በመካከለኛው ዘመን የኢጣሊያ ሸክላ ሠሪዎች ዘዴ የማዮሊካ ሳህን አሳሳል

በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን በኦርቪዬቶ፣ በሲዬናና በፒሳ ይሠሩ የነበሩ ነጭ ልባስ (በእሳት ቀልጦ እንደ ብርጭቆ የሚሆን ሽፋን) ያላቸው ሸክላዎች ዛሬ «ጥንታዊ ማዮሊካ» ተብለው ይጠራሉ። ነጭነታቸው የሚመጣው ከእርሳስ ማዕድን በሚሠራ ልባስ ውስጥ ከሚጨመረው የቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው፤ ቆርቆሮ ውድ ስለነበረም ሠሪዎቹ ነጩን ልባስ ለሚታየው ፊት ቆጥበው የማንቆርቆሪያውን ውስጥና የሳህኑን ጀርባ ብዙ ጊዜ በተራ የእርሳስ ልባስ ይሸፍኑ ነበር። ዋና ቀለሞቻቸው ሁለት ናቸው፦ ከመዳብ የሚገኝ አረንጓዴና ከማንጋኒዝ የሚገኝ ቡናማ። ለጀማሪ ከህዳሴው ዘመን ባለ ብዙ ቀለም ሥራ ይልቅ ይህን የምመርጠው ትኩረቱ ሁሉ መስመሩ ላይ እንዲሆን ስለሚያስገድድ ነው።

ሳህኑን ራስዎ ቢሠሩትም ቢገዙትም በመጀመሪያ ያለ ልባስ በ1040 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መተኮስ አለበት። ልባሱ እርሳስ የሌለበትና ለዝቅተኛ ሙቀት የተዘጋጀ ይሁን። የጥንቱ ቅመማ ካልተከበረ ሥራው እውነተኛ አይሆንም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ መዳብ ሲጨመርበት ደግሞ ከልባሱ ወደ ምግብ ይበልጥ በቀላሉ ይወጣል።

ልባሱን በወንፊት አጥልለው እንደ ቀጭን እርጎ እስኪሆን ይበጥብጡት፤ ሳህኑን ነክረው በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ያውጡትና ግርጌውን በስፖንጅ ይጥረጉ። ሲደርቅ ፊቱን በጣት መንካት አይፈቀድም።

ከባዱ ሥራ ከዚህ ይጀምራል። ያልተተኮሰ ልባስ የብሩሹን ውሃ ገና ሲነካው ስለሚመጠው የተሰመረ መስመር አይሰረዝም፤ ብሩሹ ለአፍታ በቆመበት ሁሉ ጥቁር ነጥብ ይቀራል፤ በአንድ መስመር ላይ ደጋግሞ መመላለስ ደግሞ ልባሱን ከሸክላው ያላቅቀዋል፣ የተላቀቀውም ቦታ በእሳት ውስጥ ተሰብስቦ ሸክላውን ያጋልጣል። ስለዚህ ጸጉሩ ረጅም፣ ጫፉ ሹል የሆነ ብሩሽ ያስፈልጋል፤ ረጅሙ ጸጉር ብዙ ቀለም ስለሚይዝ መስመሩ መሃል ላይ አይደርቅም። አጭሩ ብሩሽ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አይረባም። ከሳህኑ በላይ ጣውላ አጋድመው እጅዎን ያሳርፉበትና ፍጥነቱን ሳይለውጡ ይሳቡ። ልባስ ያልተቀባ የተተኮሰ ቁራጭም ውሃ ስለሚመጥ መለማመጃ ይሆናል።

ማንጋኒዙን በውሃ በጥብጠው ከነጩ ልባስ ጥቂት ይጨምሩበት፤ አለዚያ ከታችኛው ጋር በደንብ አይዋሃድም። ከመጠን በላይ ሲወፍር ግን በእሳት ውስጥ ይፈላና ሻካራ ጥቁር ይሆናል። ዱቄቱ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ያለ ጭምብል አይመዝኑት።

በመጀመሪያ ሳህኑን በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ አድርገው የጠርዙን ክቦች ያስምሩ። ቀጥሎ ወፍ ወይም ቅጠል በማንጋኒዝ ይንደፉ፤ ውስጡን በአረንጓዴ ይሙሉ። አረንጓዴው ከመስመሩ አልፎ የፈሰሰባቸው የጥንት ሳህኖች ብዙ ስለሆኑ ትንሽ ቢያልፍ አያስጨንቅም። በመጨረሻ በሥዕሉ ዙሪያ ጠባብ ነጭ ክፍት ቦታ ትተው የቀረውን መደብ እርስ በርስ በሚቋረጡ ሰያፍ መስመሮች እንደ መረብ ይሸፍኑት፤ የኦርቪዬቶን ሥራ ከሩቅ የሚያስታውቀው አንዱ ይህ ነው። በመርፌ በተበሳሳ ወረቀት ላይ የከሰል ዱቄት ነስንሶ ንድፍ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ከሰሉም በእሳት ይጠፋል። ነገር ግን እጅ ነጥቦቹን ሲከተል መስመሩ ስለሚያመነታ ለዚህ ዓይነት ሥራ አልመክረውም።

ሁለተኛው ተኩስ የልባሱ አምራች ባዘዘው ሙቀት፣ ብዙውን ጊዜ ከ1000 እስከ 1040 ዲግሪ ባለው ውስጥ ይከናወናል። ምድጃው በቂ አየር ካላገኘ መዳቡ ወደ ቀይ ሊለወጥ ይችላል። ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በሩን መክፈት ልባሱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

መዳብ በሎሚና በኮምጣጤ ስለሚሟሟ ሳህኑን ለምግብ አይጠቀሙበት። ግድግዳ ላይ ለመስቀል ካሰቡ የክሩን ቀዳዳ በግርጌው ቀለበት ላይ ሸክላው ሳይደርቅ ይብሱት።